ዓይኔን አስወጥተህ ላተረፍከኝ

ደምስዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ የመጋቢቱ ዝናብ ሁለት ጊዜ ጣለ። በሞያሌ ኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት፤ በአንድ በኩል ነፋስ የገነጠለውን ቆርቆሮ ብቻ አስቀየርኩ። ልጃችን ሰናይት በቁመት አልፋኛለች። የስፌት መኪናዬም አልተሸጠም። ይህን የምነግርህ ሊሸጡት ስለነበር ነው።

አርባህ እንደወጣ ታላቅ ወንድምህ ከኢትዮጵያ በኩል ከአክስትህ ጋር መጣ። ክፋት የለውም፣ ታውቀዋለህ። «አልማዝ፣ በአንድ ዓይን እስከ መቼ ትሰፊያለሽ? መኪናውን እንሽጠውና ወደ እኛ ተሻገሪ፤ ከልጅሽ ጋር አርፈሽ ተቀመጪ» አለኝ። አክስትህ ደግሞ አጠገቧ ለተቀመጠችው ጎረቤታችን ቀስ ብላ፣ «ድሮስ ባሏ አይደል ዓይኗን ያስወጣባት» አለች። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ሰማሁ።

«አዎ፣ እሱ ነው ያስወጣው» አልኳት። «ባያስወጣው ኖሮ ከእሱ ቀድማችሁ የምትቀብሩት እኔን ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ስኳሬ ከፍ ብሎ ጉንጬ ደንዝዞ ሲያብጥ ጥርስ ነው ተባልኩ፤ ጥርሴ ተነቀለ። ወዲያው የግራ ዓይኔ ቆብ ወደቀ፤ ቀጥሎ ብርሃኑ ጠፋ። ሰው በስዋሂሊ «ፖሌ»፣ አይዞሽ፣ እያለ ሲያዝንልኝ፣ አንዱ ጠበል፣ ሌላው አዋቂ ቤት ሲል፣ አንተ የጫንከውን አራግፈህ በጭነት መኪናህ ጋቢና አስተኛኸኝ። ያኔ አስፋልቱ አላለቀም። በየጉድጓዱ ፊቴ የሚሰነጠቅ ይመስለኝ ነበር። አንተ በአንድ እጅህ መሪውን፣ በሌላው ግንባሬን ይዘህ ናይሮቢ አደረስከኝ።

ሐኪሟ የአፍንጫዬን ውስጥ በመብራት አየች። ከዚያ ፈንገስ ነው አለችን፤ ዳቦ ላይ እንደሚወጣው ሻጋታ ያለ፣ ብዙ ሰው የማይነካ፣ ስኳር የበዛበትን ሰው ሲያገኝ ግን ሥጋና አጥንት እየበላ የሚገባ። ዓይኔ ከእንግዲህ እንደማያይ፣ ካልወጣ ደግሞ በሽታው ወደ አንጎሌ እንደሚያልፍ ነገረችን። እምቢ አልኩ። «ባያይም ዓይኔ ነው። ወደ ቤቴ ውሰደኝ፣ ሙሉ ሆኜ ልቀበር» ብዬ ለመንኩህ።

አንተም፣ «ሙሉ ሬሳ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው የምትቆጣኝን ሴት ነው» አልከኝ።

ተናድጄ አለቀስኩ። ከዚያ ፈረምኩ።

መድኃኒቱ በደም ሥሬ ሲገባ ሳምንታት ሙሉ አንቀጠቀጠኝ። ስንመለስ ጥቁር መነጽር ገዛህልኝ፤ አላደርግም አልኩህ። ራስህ አድርገኸው ትነዳ ጀመር። መርፌው ከጨርቁ ምን ያህል እንደሚርቅ እየጠፋብኝ ጣቴን ስወጋ፣ ክሩን ላስገባልሽ ብለህ ስትዘረጋ እጅህን መታሁት። ሳቅክብኝ። እኔም እየደማሁ ለመድኩት።

ነግሬያቸው ስጨርስ ወንድምህ መኪናውን እንሽጠው ማለቱን ተወ። በማግስቱ ከመሄዱ በፊት ሱሪውን እንዳሳጥርለት ሰጠኝ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቃባሌ የምትባል ሴት ከኡራን መንደር ከባሏና ከሴት ልጇ ጋር በሞተር መጥታ የልጅቷን የትምህርት ቤት ልብስ ልታሰፋ ገባች። ልጅቷን ስለካ የሴትዮዋን ፊት አየሁ። ጉንጯ አብጧል፣ የዓይኗ ቆብ ወርዷል። ሜትሩን አስቀመጥኩ።

«ስኳር አለብሽ?» አልኳት።

«አለብኝ። ይሄ ግን ጥርስ ነው አሉኝ።»

ባሏ ፍየሎቹን ሸጦ ነገ እንደሚያሳክማት ነገረኝ። ፊቴን አስጠግቼ፣ «ይህን እየው። እኔም ጥርስ ነው ተብዬ ነበር። ነገ አይሆንም፣ አሁን ነው» አልኩት።

«አንቺ ሐኪም ነሽ?» አለኝ ተቆጥቶ።

«አይደለሁም። በሽተኛዋ ነበርኩ።»

ቤቱን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋ ጠብቂ ቢሉኝ፣ አፍንጫዋን ሐኪም ሳያይ ከበሩ ንቅንቅ አልልም ብዬ ቆምኩ። ዘበኛው ገፋኝ፤ አልሄድኩም። በመጨረሻ አይተዋት በዚያው ቀን ወደ ናይሮቢ ላኳት።

ትናንት ባሏ ደወለልኝ። ያው ፈንገስ ነው። ገና ብዙ ሳይገባ ስለደረሱበት የበላውን ጠርገው አውጥተዋል። ዓይኗ ይትረፍ አይትረፍ እስካሁን አልታወቀም። እሷ ግን አለች። ስልኩን ከእጁ ተቀብላ የልጇ ልብስ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ደምስዬ፣ አንተን የደረት ሕመም በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲወስድብኝ የሚሮጥልህ ሐኪም አላገኘሁም፤ ይህን አልረሳውም፣ ይቅርም አልለውም። ከእንግዲህ በዚህች ከተማ ነገ እየተባለ ሰው ሲሞት ዝም ብዬ አላይም። ፊቴንም አልሸፍንም። ምን ሆነሽ ነው ለሚለኝ ሁሉ የበሽታውን ስም እጠራለሁ፤ ማን እንዳተረፈኝ ሲጠይቀኝ ደግሞ ያንተን። እኔ እያለሁ ስምህ ከሞያሌ አይጠፋም።

የቃባሌ ልጅ ልብስ እጅጌው ቀርቶኛል፤ ልስፋ።

አልማዝህ