ከግራ ጥግ የምትገባው ጎል

ዛሬ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2007 ነው።

ውድ ወንድሜ ሪያድ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበትስ ሻል አለው? የደሴ ብርድ እንዳይጠናባት እግሯን ሸፈን አድርግላት። እዚህ ጁባ እኔም አጎታችን ሰማንም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

አንድ ነገር እንዴት እንደምነግርህ ሳስብ ሳምንት አለፈኝ። ስትደውል «አዲሱ የኳስ ጌም እንዴት ነው?» ብትለኝ «ግሩም ነው» ያልኩህ ውሸት ነው። ይገዛ ብዬ አጎቴን የወተወትኩት እኔ ስለሆንኩ አፍሬ ነው።

ሲዲው ከዩጋንዳ በመጣው መኪና ካስተም መናኸሪያ ሲደርስ ራሴ ሄጄ ተቀበልኩ። ሽፋኑ ላይ አዲስ ተጫዋች፣ አዲስ ቁጥር። ስከፍተው ማልያው ተቀይሯል፤ ሣሩም ያብረቀርቃል። ከዚያ በግራ መስመር ሮጬ አንተ «ሌባዋ» ያልካትን ምት ከጥግ ሞከርኩ። በረኛው እንደ ድሮው ወደ ማዶ ወደቀ፤ ገባች። አምስት ዓመት ሙሉ አዲስ ነው እያሉ ሲሸጡልን ያቺን አንዲት ቀዳዳ አልደፈኗትም። ጌሙን ባልወደው እንዲህ አልናደድም ነበር።

አንተ እዚህ ሳለህ የከፈትካት ጌም ቤት አሁን ጭር እያለች ነው። ልጆቹ ኳስ መቀባበል ትተው ሁሉም ወደ ግራ ጥግ ይሮጣል። የቦዳቦዳ ሞተር ታክሲ ነጂው ዘካርያስ «ይሄ በረኛ አምስት ዓመት በአንድ በር እየተዘረፈ ቁልፍ አይቀይርም?» እያለ ያስቃቸዋል፤ እሱ ራሱ ግን የሚያገባው በዚያው ነው። ስቀው ይሄዳሉ፣ አይመለሱም። አጎቴም «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሰው ካልመጣ ኸላስ፣ በቃ፣ ቤቱን የሳሙና መጋዘን አደርገዋለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ ከዚህች ቤት ሌላ ከሰው የምገናኝበት የለኝም።

ሐሙስ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ብቻዬን ተቀምጬ፣ ሌባዋን ላልነካ ምዬ ተጫወትኩ። መጀመሪያ ሦስት ለባዶ ተሸነፍኩ። በአራተኛው ጨዋታ መሐል ለመሐል ቀስ ብዬ እየተቀባበልኩ አገባሁ። ሪያዴ፣ እንዲህ ያለ ጎል አይቼ አላውቅም! ጌሙን የሚሠሩት ሰዎች ካልቀየሩት እኛ ሕግ እናወጣለን፤ በሌባዋ የገባ ጎል አይቆጠርም።

ለአጎቴ ነገርኩት። ጢሙን አሻሽቶ «ጥሩ ነው። ግን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከጎረምሳ ጋር አልጨቃጨቅም፤ ሕጉን ያወጣ ሰው ይናገረው» አለ። ሰው ፊት ድምፄ እንደማይወጣ ታውቃለህ፤ ተራ የደረሰውን እንኳ በጣቴ ነው የምጠራው። ቢሆንም እሺ አልኩት።

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የምትመጣው ነጋዴዋ ሺፋ ናት፤ ሻይ ሳትጠጣ እንዳትሸኟት። የእማዬን ጉልበት ራንያ ልካኛለች ብለህ ሳምልኝ። እህታችንን ጀንነትን ትምህርቷን እንዳትተው ምከርልኝ። ለልጅህ ለትንሹ ሙኽታር አክስትህ ጎል አገባች በለው።

ነገ እሑድ ነው፤ እነ ዘካርያስ ከቸርች መልስ ይመጣሉ። ቤቱ ሲሞላ ቴሌቪዥኑ ፊት እቆምና ሕጉን እናገራለሁ። ዘካርያስ ከሳቀብኝ ጆይስቲኩን አንስቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ በመሐል ገብቼም አሸንፈዋለሁ።

እህትህ ራንያ
ጁባ፣ ሃይ ማላካል