ልጄን «የጌም ሱሰኛ» ብለው ለመድረክ ላበቁልኝ ርእሰ መምህር

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ ደህና እንዲሆንልኝ እመኛለሁ፤ ባለፈው ዓርብ የቤቴን ገበና አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሲያወሩ ድምፅዎን ስላልቆጠቡ ደክሞ እንዳይሆን ሰግቻለሁ። እኔ ቤት ውስጥ ፌንጣ የምንላት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎ እናት፣ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። የማመሰግንዎ ብዙ ስለሆነ በተራ በተራ ላቅርበው።

አንደኛ፣ ስለ ተስፋዎ። በዓመቱ መጀመሪያ በወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጆቻችሁ ጌም ወደዱ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ለእኛ ስጡን፤ ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምረን ከተጫዋችነት ወደ ሠሪነት እናሸጋግራቸዋለን» ሲሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። አባቷ ቤቱን ጥሎ በሄደ ሰሞን ፌንጣ ከትምህርት ቤት እየቀረች ጌም ቤት ትውል ነበርና፣ ንግግርዎ ለእኔ ብቻ የተነገረ መሰለኝ። እርስዎም ቢሮ አስጠርተው «የሆንሽውን ሁሉ ንገሪኝ፤ እዚሁ ይቀራል» አሏት። «ልንገራቸው እንዴ፣ እማ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ «ንገሪያቸው፤ እንደ አባት ቁጠሪያቸው» አልኳት። ጌም ቤትን የወደደችው እዚያ ስለ አባቷ የሚጠይቃት ሰው ስላልነበረ መሆኑን፣ ለእኔ ያልነገረችኝን፣ ለእርስዎ ነገረችዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኮምፒውተር ክፍሉ። ኮምፒውተሮቹ ከነፕላስቲካቸው ተሸፍነው፣ ቁልፉ በኪስዎ ተቀምጦ፣ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ኪቦርድ እየሳሉ የኮምፒውተርን ክፍሎች በቃላቸው ሲሸመድዱ መክረማቸው፣ ዓይናቸው በስክሪን እንዳይጎዳ ከማሰብ የመጣ ርኅራኄ መሆኑ ገብቶኛል። ይህን ርኅራኄዎን ያፈረሰችው ከትምህርት ሰዓት በኋላ የራሷን ላፕቶፕ ከፍታ ኮድ መጻፍ ያስተማረቻቸው ወጣቷ መምህርት ናት።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። አባቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ሰንፎ ነበር። ሐኪም «ጭመቅ» ብሎ የሰጠውን የላስቲክ ኳስ «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብሎ ወረወረው። ፌንጣ መምህርቷ ባዋሰቻት ላፕቶፕ ለአያቷ ጌም ሠራችለት፤ ጀልባ ዓሣ የሚያሳድድበት፣ ጀልባው እንዲሄድ ደግሞ የቀኝ እጅ ጣቶች በየተራ መጫን ያለባቸው። ኳስ የናቀው ሰውዬ «ይቺ ዓሣ ሸወደችኝ! ድገሚልኝ!» እያለ ጎረቤት እስኪሰማ ይጮህ ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ሲቆልፍ አይቼ፣ እንዳያየኝ ወጥቼ አለቀስኩ።

ፌንጣ በኮምፒውተር ሳይንስ ቀን ላሳየው ወይ ብትልዎ «እንዴታ! አያትሽንም ይዘሽልኝ ነይ» አሏት። አባቴ ኮቱን አስተኩሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ለካስ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት እንግዶች ስለ ቪዲዮ ጌም ጉዳት ሊሰሙ ኖሯል፤ የበዓሉ ስም በአንድ ጀምበር ተለውጦ፣ ለእኛ የነገረን ግን አልነበረም። ልጄ ላፕቶፑን አቅፋ መድረክ ላይ ስትወጣ ትከሻዋን ይዘው፣ «ይህች ልጅ አባቷ ጥሏት ከሄደ በኋላ የጌም ሱሰኛ ሆና ከትምህርቷ የተሰናከለች ናት፤ ትምህርት ቤታችን ታደጋት» አሉ። ላፕቶፑን ክፈቺው አላሏትም። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። አባቴ ተነስቶ «ቆይ! ቆይ አንዴ!» ለማለት ታገለ፤ ከስትሮኩ ወዲህ ሰው ሲበዛ ምላሱ ይተሳሰርበታል። እርስዎም «አያቷ ደስታ አሸንፏቸው ነው» ብለው ለእንግዶቹ ተረጎሙላቸው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። የእርስዎ ግን ይለያል፤ ጥለውን ሲያበቁ ግልቢያ አስተማርኳቸው ብለው ተጨበጨበልዎ።

ፌንጣ አላለቀሰችም። ቤት ስንደርስ «እዚሁ ይቀራል ብሎኝ ነበር እኮ፣ እማ» አለችኝ። እስከዚያች ቀን እርስዎን ያለ አንቱታ ጠርታዎ አታውቅም። ከዚያ ጌሙን አጠፋችው። አባቴ «ዓሣዬስ?» ሲላት «የለችም፣ አባባ» ትለዋለች፤ እሱም ደግሞ አይጠይቅም፤ ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ በየተራ እያነሳ ይጥላል።

አራተኛ፣ በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ነው እንኳ ሳይሉ፣ መምህርቷን «ልጆችን ለጌም አጋልጣለች» ብለው ስላሰናበቷት፣ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ። የኮምፒውተር ክፍሉ በርም እንዲህ ፈጥኖ ቢከፈት ኖሮ!

ከእርስዎ የምሻው አንድ ነገር ነው። በዚያው መድረክ፣ በዚያው ድምፅ፣ ልጄ የተሰበረች ሳትሆን የሠራች መሆኗን፣ የአባቷም ነገር የእርሷ እንጂ የእርስዎ ንግግር ማሟሻ አለመሆኑን ለእነዚያው ልጆች ይንገሩልኝ። ጌም ልጅ ይጎዳል ቢሉ አልከራከርም፤ ጎድቶብኛል፣ አውቀዋለሁ። ጌም ግን ልጄን ምሥጢርሽን ስጪኝ ብሎ አያውቅም።

የሰው አደራ የሚያፈስ ኪስዎን ያለ ዋጋ ለመስፋት ዘወትር ዝግጁ የሆንኩ፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ሰኞ የፌንጣን መልቀቂያ ለመውሰድ እንመጣለን። «የለቀቀችበት ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ቪዲዮ ጌም» ብለው እንዳይደክሙ፤ የራስዎ ስም አጭርም ነው፣ ትክክልም ነው።