የአበልጄ ኩሽኔታ

ያምፓራኤስ፣ ማክሰኞ አፕሪል 2 ቀን 2019

የምወድሽ ልጄ ሮሴንዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ቦነስ አይረስ ብርዱ ገባ ወይ? የስፌቱ ሥራስ ወገብሽን እንዴት አድርጎታል? እኔ «ደህና ነን» ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ መኪናዋ አላስዋሽ አለችኝ።

የቀኝ የፊት ጎማው ኩሽኔታ ባለፈው ወር እንደገና ሄዶብኝ ነበር። ከገና ወዲህ አራተኛው ነው። ስድስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና ናት፣ እርጅና ነው እንዳልል ግራው ጎማ አብሯት አላረጀም እንዴ? እሱ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ቀኙ ግን ኩሽኔታው ተቀይሮ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ማጉረምረም ይጀምራል፣ ከዚያ ያጓራል፣ ከዚያ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። በካርኒቫሉ ማክሰኞ ሰው ሁሉ ለበረከት ብሎ ለመኪናው ጎማዎች ቢራ ሲያፈስ እኔ አንዱን ጠርሙስ ሙሉውን ለቀኙ ብቻ አጠጣሁት። እናትሽ «ጠጪ አደረግኸው፤ አሁን ደግሞ እየዘፈነ ሊሄድልህ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በማግስቱ ዘፈነ።

የእኔ ጉዳይ ብቻ ቢሆን መኪናዋ ቆማ ትዛግ ነበር። እናትሽ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ሱክሬ ወርዳ ኩላሊቷ መታጠብ አለበት፤ ተራዋም ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፣ ከእጥበት ስትወጣ ደግሞ ተጋፍታ የመሳፈር አቅም የላትም። የዛሬ ሁለት ሳምንት አርብ ቁልቁለቱ መሃል ጎማው ነክሶ ያዘና ጭስ በጭስ ሆንን። ከገደሉ ጫፍ ሁለት ክንድ ሲቀረን ቆምን። አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ሱክሬ ቢያደርሰንም ተራዋ አልፎ ነበር፤ ሰኞ ኑ ተባልን። እስከ ሰኞ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት። ትንፋሽ ሲያጥራት እጇን ይዤ ከመቀመጥ በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ፈራሁ ልጄ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ለምን ሌላ ጋራዥ አትወስዳትም?» ይለኝ ነበር። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ፤ መካኒኩ ካሲያኖ ነው፣ የክርስትና አባትሽ። እዚህ አገር አበልጁን ትቶ መኪናውን ለሌላ ያሳየ ሰው አበልጁን ገበያ መሃል በጥፊ እንደመታው ይቆጠራል። ደግሞ እናትሽ አንቺን ስታምጥ በዚያ ዝናብ ቁልቁለቱን ያወረዳት እሱ ነው። አሁን እጁ ይንቀጠቀጣል። ኩሽኔታ በመጭመቂያ ማሽን ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው፤ እሱ ማሽኑ ላይ ማስተካከል ስላቃተው በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ሆድ ይፍጀው ብዬ አራት ጊዜ አመስግኜው ወጥቻለሁ።

ያን አርብ ግን ይሉኝታዬን ዋጥኩና እዚያው ሱክሬ ለማያውቀኝ መካኒክ ሰጠኋት። ፈትቶ አየውና፣

«አባቴ፣ ይሄን ማነው እንደ ሚስማር የደበደበው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፣ እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎማው ጸጥ አለ። እናትሽም ተራዋ አልፏት አያውቅም፤ በመንገድ እንቅልፍ ሁሉ ይወስዳት ጀመር። ለካሲያኖ ግን ምንም አልነገርኩትም። ቅዳሜ ዕለት ራሱ መጣ። መኪናዋን በክሪክ አነሳና ጎማውን በእጁ አሽከርክሮ ጆሮውን ደቀነ። ፊቱ በራ።

«ሰማህ አበልጄ? አራተኛው ያዘ! ካሲያኖ አርጅቷል የሚሉት ሁሉ መጥተው ይስሙ!»

እናትሽ የበቆሎ ቺቻ ቀዳችለት። ወደው አይስቁ፣ አብረነው ሳቅን። ቅዳሜ ለእኛ የተናገረው አልበቃው ብሎ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሰው ሁሉ አወራ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አዲስ ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ።

«ቀኙ እንዲህ ካማረበት ግራው ምን በወጣው! ሳይበላሽ ልቀይርልህ። ለሚስትህ ለኢላሪያ የእኔ ስጦታ ይሁን፤ ሳንቲም ብትሰጠኝ እጣላሃለሁ።»

«ግራውማ ምንም አልሆነም እኮ፣ አበልጄ» አልኩት።

«እስኪሆን ልትጠብቅ ነው? እሷን ይዘህ?»

ወደ እናትሽ ዞርኩ። ሁሉንም ታውቃለች፤ ሱክሬ ጋራዡ ውስጥ አብራኝ ነበረች። እጁን፣ በጋዜጣው ላይ የሚንቀጠቀጠውን፣ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«የመኪናዋን ቁልፍ ስጠው እንጂ ሴኖን፣ ምን ይገትርሃል?» አለችኝ።

ሰጠሁት።

ነገ ረቡዕ ተራዋ ነው። ይህን እየጻፍኩ ጋራዡ ሄጄ «ተው» ልለው ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌ ሆኜ እንዲህ መላ ይጠፋብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

የጓዳሉፔዋ እመቤታችን ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ፤ የምትሠሪበት እጅሽ ይባረክ፤ እንጀራሽ ከእንባ ይጠበቅ። የክርስትና አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ «ደህና ነኝ፤ ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ ብለህ ጻፍላት» ብላኛለች። ያለችኝን ጽፌያለሁ።

አባትሽ ሴኖን