የኩሬው ቄጤማ

ኅዳር 12፣ መካነ ሰላም

ዛሬ ጠዋት የምሠራበት መናፈሻ ኩሬ ዳር ተላጭቶ አገኘሁት። ሲሚንቶውን አፍርሰን እንደ ጥንቱ ረግረግ እንዲሆን ብለን፣ ከወንዝ ዳር በሸክም አምጥተን የተከልነው ቄጤማ ነው። ከብት እንዲህ አስተካክሎ አይግጥም፤ ማጭድ ነው።

ሰው ስጠረጥር መጀመሪያ የመጡልኝ መሪጌታ ናቸው። ቤታቸው ከመናፈሻው አጥር ጋር የተያያዘ ነው። ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠበቅኋቸው።

«መሪጌታ፣ ቄጤማዬን ያጨደውን ሰው አላዩም?»

«አይቻለሁ» አሉ ፈገግ ብለው። «ግን በሚካኤል ቀን ሰው ከሰው አላጣላም።»

በቃ፣ ራሳቸው ናቸው አልኩ። ምን ያስቃቸዋል? ቀኑን ሙሉ በራቸውን ሳይ ዋልኩ። ለኃላፊዬም ስማቸውን ልነግር ነበር፤ ስልኩ አልነሳ አለ እንጂ።

አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነው። ወለሉ በቄጤማ ተሸፍኗል።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት ባለቤቴን።

«ከኩሬህ ነዋ! ለዛሬ እንዲደርስልን ብለህ የተከልከው መስሎኝ።»

ወዲያው ማኅበርተኞቹ መጡ። ከፊት መሪጌታ ናቸው። ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጫማቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ረገጡት።