አስኩ፣ እግርሽን ያሸሁት እኔ ነኝ

ልጄ አስኩ፣

ከተለየሽን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ይህን የምጽፍልሽ አንቺው በመሠረተ ትምህርት ባስቆጠርሽኝ ፊደል ነው። ከመስመር ስወጣ እጄን ይዘሽ ታስጽፊኝ ነበር። ስብራት የሚጠግን እጅ እርሳስ መያዝ አቃተው ብለሽ ስቀሽብኛል።

ቤቱ ያው ነው። የቀበሌ ስኳር ግን አሁን የሚታደለን ለሁለት ሰው ነው፤ ስምሽን ከካርዱ ላይ ሰርዘውታል። እናትሽ እጄን ስታስታጥበኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አልፈርድባትም።

የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም በራሴ እጅ ልጻፈው። ታይፎይዱ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አውሎሽ ሊለቅሽ ሲል ግራ ባትሽ አበጠ። ሲነኩት ይፋጃል። ከኮተቤ እስከ ገርጂ ወጌሻ የሚባለው እኔ ነኝ፤ ለገዛ ልጄ ሐኪም ቤት መሄድ አፈርኩ። ከአልጋ ስትወርጂ ወለም ብሎሽ ነው አልኩና ቅቤ አቅልጬ ሁለት ቀን አሸሁሽ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባባ ይብቃኝ፣ አመመኝ አልሽ። እኔ ደግሞ ቻይው፣ ሊፈታልሽ ነው ብዬ አጥብቄ አሸሁሽ። ወዲያው ደረትሽን ያዝሽ፣ ትንፋሽ አጠረሽ። መኪና ተለምኖ እስኪመጣ እጄ ላይ አለፍሽ።

በመጣው መኪና ሐኪም ቤት አደረስንሽ፤ ያየሽ ሐኪም ከውጭ ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። ደሙ ባቷ ውስጥ፣ ደም ሥሩ ላይ ረግቶ ነበር፤ ማሸቱ ነቅሎ ወደ ሳንባዋ ሰደደው አለኝ። እሱ የተማረበት አገር ሰውነት ሳይቀድዱ ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብተው የረጋውን ስበው ያወጡታል አሉ። እዚህ ያ የለም። ግን ሳትነካት ቶሎ ብታመጣት መድኃኒት ነበረን አለ። ያቺን ሳትነካት የምትለዋን ይዤ ነው የምውለው።

ዘንድሮ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ከታይፎይድ ገና መነሳቷ ነው፤ እግሯ አብጧል። እናቷ ቅቤ ሳይቀር ይዛለች። አልነካም ስላት ልጁ ሞታበት የሰው ልጅ ጠላ ብላ ሰደበችኝ። ልጅቷን በቃሬዛ አሸክሜ ላምበረት አስፋልት ላይ አወጣኋት፣ መኪና ለምኜ ሐኪም ቤት አደረስኳት። ከሳምንታት በኋላ በእግሯ ተመለሰች። ሰፈሩ መረቀኝ። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ላንቺ ያልሆነ ዕውቀት ምን ይሠራልኛል?

ስብራት አሁንም እጠግናለሁ። ሰው ይብቃኝ ሲለኝ ግን እጄን አነሳለሁ። ያንቺን ይብቃኝ እስክመጣልሽ ድረስ አልረሳውም። በሰዓቱ ነበር መስማት የነበረብኝ።

አባትሽ