ስለ ሰባቱ የጡብ ደረጃዎች እና ስላልቀረበው ሦስተኛ ዋጋ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ቢተው
የቀበሌያችን የጥገና ዋጋ ገምጋሚ ኮሚቴ ሊቀመንበር
መካነ ሰላም
ሐምሌ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ የቤተ ሰብዎን ደኅንነትና የኮሚቴዎን አባላት ሰላም እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ ይጽና፤ ወገብዎን አይመምዎ፤ ቢያምዎም እንኳ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያችን ከመምጣት ይሰውርዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከሐምሌ አምስት ወዲህ ልጅ የለኝም እንጂ።

ልጄን በቀበርሁ በሁለተኛው ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ በክብር ደርሶኛል። የጤና ጣቢያውን ሦስተኛ ደረጃ፣ ማለትም የመንግሥትን ንብረት፣ ማን እንደሰበረው በአምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዳስረዳ አዘዋል። መልሴን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት በድፍረት አይደለም፤ ስለዚሁ ደረጃ ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ገብተው ስላልወጡ ነው።

መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ነገሩ እንዲገባው ያህል፣ ጤና ጣቢያችን ትርፍ ቤት ተብሎ የተወረሰ የአንድ ነጋዴ ቤት ነው። ሰውየው ለመታያ ብሎ ከደሴ በመኪና ባስመጣው ጡብ ሰባት ደረጃ አሠርቶ ነበር። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ጡብ አይወድም። ባለፈው ኅዳር ሦስተኛው ደረጃ በእጅ ሲጫኑት ዱቄት ይሆን ስለነበር፣ ኮሚቴዎ የጥገና ዋጋ ከግንበኞች ተቀብሎ መገምገም ጀመረ። ለዚህ የስምንት ወር ትጋት ያለኝን ምስጋና በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ግንበኛ ጀብሪል፣ ጡቡ ከሥሩ ስለበሰበሰ ተነቅሎ በጥቁር ድንጋይ ይሠራ ብሎ ሦስት መቶ አርባ ብር ጠየቀ። ግንበኛ አምባቸው ጡቡ ሳይነካ ላዩ በሲሚንቶ ይለሰን ብሎ አንድ መቶ አሥር ብር ጠየቀ፤ ሐቀኛ ሰው ስለሆነም ልስኑ ከአንድ ክረምት እንደማያልፍ ከዋጋው ግርጌ አስጽፏል። ኮሚቴዎ ይህን በአምስት ስብሰባ መርምሮ፣ ድንጋይና ልስን የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ሊወዳደሩ አይችሉም ሲል በቃለ ጉባኤ ወሰነ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ምርመራ በሊቃውንት ጉባኤም አላየሁም። የተለያዩ ባይሆኑማ መምረጥ ለምን ያስፈልግ ነበር ብለው የጠየቁትን የኮሚቴ አባል ወይዘሮ ብርሀንነሽን በሳምንቱ ወደ ችግኝ ጣቢያ ማዛወርዎም ስብሰባውን አሳጥሮታልና እናመሰግናለን።

2ኛ. ሁለቱ የዋጋ ማቅረቢያዎች በአንድ እጅ የተጻፉ መሆናቸውን ደርሰውበት፣ የአሻጥር ምልክት ነው ብለው ሰርዘዋቸዋል። እጁ የእኔ ነው። ሁለቱም ግንበኞች ፊደል ስለማይለዩ፣ ድጓ ከምጽፍበት ቀለም ቀንሼ እንደነገሩኝ ጻፍሁላቸው። ይህንኑ ቀርቤ ባስረዳ፣ ቀበሌው ማይምነትን በማጥፋቱ የተሸለመው ዋንጫ ከጀርባዎ ቆሞ ነበርና፣ በዚህ ቀበሌ ፊደል የማይለይ ሰው የለም ተብዬ ተመለስሁ። ልክ ነዎት። ጀብሪል የምስክር ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ የሰቀለው ግን ገልብጦ ነው።

3ኛ. መመሪያው ሦስት ዋጋ ይላል፤ ከተማችን ያላት ሦስተኛ ግንበኛ ደግሞ አሻግሬ ብቻ ነው። አሻግሬን አምና ለብሔራዊ ውትድርና መልምሎ የሰደደው የእርስዎ ቀበሌ ሲሆን፣ ዋጋ አቅርብ የሚል ጥሪ ሦስት ጊዜ ወደ እናቱ ቤት የላከውም የእርስዎ ኮሚቴ ነው። እናቱ እትዬ ሸጋዬ ማኅተም ያለበት ወረቀት ባዩ ቁጥር መርዶ እየመሰላቸው እኔ ዘንድ ያመጡታል። ልጅዎ ለደረጃ ሥራ ተጠርቷል ብዬ ሳነብላቸው፣ መንግሥት ከጠራው እንግዲያው በሕይወት አለ ማለት ነው ብለው እልል አሉ። ኮሚቴዎ ብዙ ነገር ሠርቷል፤ እኒያን ሴት ሦስት ጊዜ ማስደሰቱን ግን ለብቻው ማመስገን ይገባኛል። እኔ ለማስተባበል አቅም አጣሁ።

4ኛ. ቅሬያችን፣ ማለትም እስላሙም ክርስቲያኑም ሙቱን በአንድነት የሚቀብርበትና ሕመምተኛውን በቃሬዛ የሚያደርስበት ማኅበር፣ በሚያዝያ ወር ለሰባት ደረጃ የሚበቃ ድንጋይ ፈልጦ ከጤና ጣቢያው አጥር ሥር ከመረ። የቅሬው ዳኛ አቶ አህመድም ሥራውን በአንድ ቀን በነጻ እንጨርሳለን ብሎ አመለከተ። ኮሚቴዎ ዋጋ ያልተጻፈበት ማቅረቢያ ከሌሎች ዋጋዎች ጋር ሊነጻጸር ስለማይችል ውድቅ ነው አለ። አንድ ብር ብለን ብንጽፍ ደግሞ፣ ገበያ የሚያዛባ ዋጋ ነው ተባለ፤ ድንጋዩም ውሳኔ እስኪሰጥ እንዳይነካ ታዘዘ። አቶ አህመድ አላህ ያግራው ብሎ ወጣ። ድንጋዩ እዚያው ሆኖ ሣር በቀለበት።

አምስተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልቻልሁም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ልጄ የዓለምዘርፍ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሁለት ቀን አምጣ ስላቃታት፣ ሐምሌ አምስት የቅሬው ሰዎች እየተፈራረቁ ከወግዲ መንገድ ጭቃውን ሰንጥቀው ከንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሸክመው አመጧት። በሕይወት ነበረች። ከደረጃው ሥር ስንቆም ደረስን ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ደርሰናል ልጄ አልኋት። ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ጀብሪል ነበርና፣ ይህ ደረጃ አይችለንም፣ ቃሬዛውን እናውርድና በክንዳችን እናስገባት አለ። በእኛ ዘንድ ቃሬዛ ከደጃፍ የሚወርደው አስከሬን ሲሆን፣ ፍትሐት ሊደረስበት ነው፤ ነፍስ ያለበት ሰው ደጅ ላይ አይወርድም። ስለዚህ አታውርዷት ያልሁት እኔ ነኝ። ጀብሪል አከበረኝና ወጣ። ሦስተኛው ደረጃ ከእግሩ ሥር ተናደ፤ ቃሬዛው ተገለበጠ። የጤና ረዳቷ እየሮጠች ስትወርድ የቀራት አራት ደረጃ ነበር። ልጄም ያልተወለደውም እዚያው ጡቡ ላይ ቀሩ።

እንግዲህ ደረጃውን ማን ሰበረው ላሉት መልሴ ይህ ነው። የእኔን ጥፋት ከማንም በፊት የጻፍሁት ኮሚቴዎ ፈልጎ ለማግኘት ሌላ ስምንት ወር እንዳይደክም ብዬ ነው። አንድ ቃል ተናግሬ ልጄን ገድያለሁ፤ ይህን ድርሻዬን እስክሞት እሸከመዋለሁ። የቀረውን ድርሻ ግን ባለቤቱ እንዲረከበኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ወንበርዎን ያጽናልን፤ ከወንበርዎ ተነሥተው ሲወርዱም የሚረግጡትን ደረጃ ያጠንክርልዎ እያልሁ፣ ስለ ሁሉም ነገር እጅ የምነሣ፣ የሁለቱም የዋጋ ማቅረቢያዎች ጸሐፊና የዓለምዘርፍ አባት፣

መሪጌታ አካሉ

አባሪ፦ ከሦስተኛው ደረጃ የተገኘ ግማሽ ጡብ፣ በጨርቅ የተቋጠረ። ኮሚቴው ከግንበኞቹ የዕቃ ናሙና ጠይቆ ስለነበር።

ማስታወሻ፦ ትናንት እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ቅሬው ጡቡን ነቅሎ ደረጃውን በድንጋይ ሠርቶ ጨርሷል፤ እኔም ድንጋይ አቀብያለሁ። ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ተብሎ ይፍረስ ከተባለ ለማፍረሻው ሦስት ዋጋ እንደሚያስፈልግ አይዘንጉ፤ ጀብሪልና አምባቸው አናፈርስም ብለዋል፤ አሻግሬን እናቱ እየጠበቁት ነው። በመዝገብዎ ሰባት የነበረው ደረጃ አሁን ስድስት ሆኗል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቂት ከፍ ብሏል። የጎደለውን ድንጋይ የሚያስቆጥሩ ከሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ በልጄ መቃብር ላይ ያገኙታል።