ከምንጩ በላይ ያሉት ዛፎች

አሰላ፣ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10

ለፓርላማ የምትወዳደረው የሟቹ ባለቤቴ የእህት ልጅ ለሊሴ ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ ተናገረች። ከተመረጠች ምንጭ አጠገብ ያለ ባሕር ዛፍ ሁሉ ተነቅሎ በጽድና በኮሶ እንዲተካ ሕግ ለማስወጣት ትታገላለች።

ጎረቤታችን ጋሽ ቱሉ ከኋላ ሆኖ፣ «ከአጎትሽ ዛፍ ነው የምትጀምሪው ወይስ ሕጉ ዘመድ ይዘላል?» አላት። ሰው ሳቀ። እሷ እኔን አየችኝ።

ሟቹ ገብስ ይሻለናል እያለ ከምንጩ በላይ ባሕር ዛፉን ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ምንጩ ከዚያ በኋላ ነው የደረቀው። የጋሽ ቱሉ ሚስት እስከ ዛሬ ውኃ ከሩቅ ታመጣለች። እኔም የምኖረው ከዚያው ዛፍ ሽያጭ ነው።

«ከእኔ ይጀመር» ልል እጄን አነሳሁ። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ነጠላዬን አስተካከልኩበት። ለሊሴ ለምን እንዳነሳሁት የገባት ይመስለኛል። ነገ ልታነጋግረኝ ቤቴ ትመጣለች።